ቡሄ፦ ከምጣድ እስከ ደጃፍ

በነሐሴ ወር አጋማሽ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር፣ በየመንደሩ ሁለት ድምፆች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው ከመስኩ በኩል የሚመጣው የጅራፍ ጩኸት ሲሆን፣ ሁለተኛው በየደጃፉ በዱላ ምት ታጅቦ የሚቀርበው የልጆች ሆያ ሆዬ ነው። ከየማድ ቤቱ የሚወጣው የትኩስ ዳቦ ሽታ ሲታከልበት የቡሄን መድረስ ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ መመልከት አያሻም።

ቡሄ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ በዓሉ ደብረ ታቦር እየተባለ የሚጠራ ሲሆን፣ ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ ነው። መሠረቱም በማቴዎስ፣ በማርቆስና በሉቃስ ወንጌላት የሰፈረው ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ መሠረት ኢየሱስ ክርስቶስ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን አስከትሎ ወደ ተራራ በመውጣት ብርሃነ መለኮቱን ገልጦላቸዋል። ሙሴና ኤልያስም በሥፍራው ታይተዋል፤ ከደመናው ውስጥ የአብ ድምፅ ተሰምቷል። ወንጌላቱ የተራራውን ስም ባይጠቅሱም በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትውፊት በገሊላ የሚገኘው የታቦር ተራራ እንደሆነ ይታመናል።

ዕለቱ በኢትዮጵያ ብቻ የሚከበር አይደለም። የዩልዮስን ቀመር የምትከተለው የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ በዓል በተመሳሳይ ቀን፣ በጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር ኦገስት 19 ታከብራለች። ምእመናኗ ፖም ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን በመሄድ ያስባርካሉ፤ በግሪክ ደግሞ የሚባረከው የወይን ፍሬ ነው። በኢትዮጵያ የበዓሉ ምልክት ፍሬ ሳይሆን ዳቦ የሆነበት፣ የበዓሉም ባለቤቶች ልጆች የሆኑበት ምክንያት አባቶች ከሚተርኩት ሌላ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ትውፊቱ እንደሚያስረዳው ክርስቶስ በተራራው ላይ ብርሃኑን በገለጠበት ጊዜ በአካባቢው ከብት የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ብርሃኑ ምሽቱን ቀን ስላስመሰለባቸው የመመለሻ ሰዓታቸው ማለፉን ሳያውቁ በዚያው ቆዩ። የልጆቻቸው መዘግየት ያሳሰባቸው ወላጆች ችቦ አብርተው፣ ለተራቡት ልጆቻቸውም ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ዛሬ በዋዜማው የሚበራው ችቦና ለልጆች የሚታደለው ሙልሙል የዚያ ምሽት መታሰቢያ ናቸው ተብሎ ይተረጎማል። የጅራፉ ጩኸት ደግሞ ደቀ መዛሙርቱን በድንጋጤ መሬት ላይ የጣላቸውን ከሰማይ የመጣ ድምፅ ያመለክታል ይባላል።

ታሪኩ ልብ ተብሎ ሲታይ ትኩረቱ ከተራራው ጫፍ ይልቅ ግርጌው ነው። በመሐል የሚገኙት እረኞች ናቸው፤ የወላጆቹም ድርሻ አምሽቶ የቀረን ልጅ መቆጣት ሳይሆን ዳቦ ይዞ መውጣት ነው። ቡሄን ከሌሎቹ በዓላት የሚለየውም ይኸው ነው። በገናና በፋሲካ ልጆች የአዋቂዎች ማዕድ ተካፋዮች ሲሆኑ፣ በቡሄ ግን ዳቦው ለእነርሱ ተብሎ ተጋግሮ፣ በቁጥራቸው ልክ ተሰናድቶ ይጠብቃቸዋል።

ይህ ልማድ ከእርሻው ወራት ጋርም የሚያያዝ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው የአገሪቱ ክፍል ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታባቸው፣ ማሳው በቡቃያ የሚሸፈንባቸው፣ ጎተራው ግን የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው። ያለፈው ዓመት እህል ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ የመኸሩ ምርት በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲህ ነው። ከብት ወደ ተዘራ ማሳ እንዳይገባ የሚደረገው ጥበቃ የሚጠብቀውም በዚሁ ወቅት ሲሆን፣ ኃላፊነቱ የሚወድቀው ገሳ ለብሶ ሙሉ ቀን ዝናብ ሲወርድበት በሚውለው እረኛ ልጅ ትከሻ ላይ ነው። በዚህ ወቅት ከጎደለ ጎተራ ቀንሶ ለአንድ ልጅ አንድ ሙሉ የስንዴ ዳቦ መስጠት ቀላል ስጦታ አይደለም። ልጁም ዋጋውን ያውቀዋል።

ቡሄ ለሚለው ስያሜ ከሚሰጡት ትርጓሜዎች አንዱ ቃሉን ብሩህና ገላጣ ከሚል ፍቺ ጋር ሲያያይዘው፣ ሌላው ደግሞ ከሚቦካው ሊጥ ጋር ያዛምደዋል። ሁለቱም ከበዓሉ ጠባይ ጋር ይስማማሉ። ከቡሄ በኋላ ክረምት የለም የሚለው የቆየ አነጋገር የመጀመሪያውን ትርጓሜ የሚያጠናክር ነው፤ ምንም እንኳ ዝናቡ ብዙ ጊዜ አነጋገሩን ሳይሰማ እስከ መስከረም ቢዘልቅም።

ሙልሙል ስሙን ያገኘው ከአሠራሩ ነው። ሊጡ በመዳፍ እየተሞለሞለ መሐሉ ወፈር፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሾጠጥ ብለው እንዲወጡ ይደረጋል። እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ለብዙ ሰው የሚከፋፈል ሳይሆን አንዱ ለአንድ ልጅ የሚበቃ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ሜዳ ለሚውል ልጅ የሚመች ቅርጽ መሆኑ አያጠራጥርም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከበዓሉ ቀናት አስቀድሞ ነው። ስንዴው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያም ይፈጫል። በክረምት እህል ማድረቅ ራሱን የቻለ ፈተና በመሆኑ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ስንዴውን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ደመናው በጠቆረ ቁጥር ደግሞ ወደ ቤት ማስገባት ልጆች ያለ ማጉረምረም ከሚታዘዟቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው።

በዋዜማው ዱቄቱ ተነፍቶ በእርሾ፣ በጨውና ለብ ባለ ውኃ ይቦካል። ጥቁር አዝሙድ ጣል የሚያደርጉበት ቤቶች አሉ። ወቅቱ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ለ15 ቀናት የሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ወተትም ሆነ ቅቤና እንቁላል አይገባበትም፤ ሊጡን ለማለስለስ ጥቂት ዘይት ይበቃል። በእርሾው ውስጥ የሚገኙት ረቂቅ ሕዋሳት ከዱቄቱ የሚያገኙትን ስኳር ወደ ጋዝ በመለወጥ ሊጡን ኩፍ ያደርጉታል። ቅዝቃዜ ግን ሥራቸውን ያዘገየዋል። በመሆኑም ልምድ ያላቸው እናቶች በነሐሴ ብርድ ቡሃቃውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ምድጃው ያስጠጉታል። ሊጡ በሚገባ ሳይታሽ ወይም ሳይነሳ ወደ ምጣድ ከሄደ ሙልሙሉ ይደርቃል፤ አብዝቶ ከቆየም ይኮመጥጣል። ጊዜውን የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን ሊጡን በጣት ተጭኖ መልሶ መነሳቱን ማየት ነው።

ቤተሰቡ ወደ ማድ ቤት የሚሰበሰበው ሊጡ ከተነሳ በኋላ ነው። እናት ወይም አያት ሊጡን እየቆነጠሩ ሲያድቦለብሉ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው የየድርሻቸውን ይከታተላሉ። ቆጠራው የሚካሄደው በዚህ ሰዓት ነው። በመጀመሪያ የቤቱ ልጆች፣ ቀጥሎ በክርስትና የተዛመዱ ልጆች፣ ከዚያም የጎረቤት ልጆች፣ በመጨረሻም ማምሻውን እየጨፈሩ ለሚመጡት የሚሆን ተብሎ ይለያል። በብዙ ቤቶች ለትንሹ ልጅ አንድ ቁራጭ ሊጥ ይሰጠውና የራሱን ሙልሙል ራሱ ይሠራል። የሚወጣው ቅርጽ አንዳንዴ ድንች፣ አንዳንዴም ወፍ ይመስላል። ማንም አያስተካክለውም፤ እንደተሠራ ከሌሎቹ ጋር ይጋገራል፤ ማታም የተሠሪው ማንነት ሳያጠያይቅ ለባለቤቱ ይሰጣል።

ምጣዱ ሲግል የኮባ ቅጠል በሚገኝበት አካባቢ ቅጠሉ ከሥር ይነጠፋል። ሙልሙሎቹ ሲበስሉ ስለሚፋፉ እንዳይጣበቁ ተራርቀው ይደረደራሉ፤ በአክንባሎም ይከደናሉ። እሳቱ መለስተኛ መሆን ይኖርበታል። የፈጠነ እሳት ውጭውን አሳርሮ ውስጡን ሊጥ ያስቀረዋልና። አንድ ጊዜ ተገላብጠው ሁለቱም ገጽ ከቀላ በኋላ ከሥር በኩል በጣት ሲመቱ ባዶ ዕቃ እንደተመታ ዓይነት ድምፅ ከሰጡ መብሰላቸው ይታወቃል።

ለክርስትና ልጅ ሙልሙል መስጠት በበዓሉ ከሚታወቁት ልማዶች አንዱ ነው። የክርስትና አባት ወይም እናት የሆነ ሰው በዕለቱ የልጁን ድርሻ አስጋግሮ ይሰጣል፤ ልጁ ራሱ ሄዶ የሚቀበልበት ጊዜም አለ። በዚህ አጋጣሚ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠያየቁ የከረሙ ቤተሰቦች ይገናኛሉ። በአብነት ትምህርት ቤቶችም ደብረ ታቦር ልዩ ስፍራ ያለው በዓል ነው። ተማሪዎቹ ቀደም ብለው በየመንደሩ በመዘዋወር በበዓሉ ስም እህል ይለምናሉ፤ ባገኙትም ጠላ ጠምቀውና ዳቦ ጋግረው ከመምህራቸው ጋር ያከብራሉ። ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖር የቆሎ ተማሪ ምጣድ ባይኖረውም ከበዓሉ ዳቦ አይጎድልም ማለት ነው።

ሆያ ሆዬ ከሙልሙሉ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ወንዶች ልጆች በቡድን ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ዱላ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። አንዱ ያወርዳል፤ ሌሎቹ መሬቱን በዱላ እየመቱ ይቀበላሉ። የቡድኑ ዕድል የሚወሰነው በአውራጁ ችሎታ ነው። ጎበዝ አውራጅ በደጃፉ እንደደረሰ ዓይኑን ወደ ግቢው ይወረውራል። አዲስ የተከደነ ጣራ፣ የደለበ በሬ፣ ገና የተወለደ ሕፃን፣ የማይናከስ ውሻ ሳይቀር ቤት እየመታ ወደ ግጥሙ ይገባል። ባለቤቱን በስም ማወደስ፣ እመቤቲቱን በእጇ ሙያ ማመስገን የተለመደ ነው። ስለዚህም አውራጁ ከዜማው በተጨማሪ ጎረቤቶቹን የሚያውቅ ልጅ መሆን ይጠበቅበታል።

የቤቱ ሰዎችም በበኩላቸው የጨዋታው ተካፋዮች ናቸው። መብራት አጥፍቶ ሰው የሌለ ማስመሰል፣ አልሰማሁምና ድገሙት ማለት፣ ሙልሙሉን ብቅ አድርጎ መልሶ መደበቅ ልጆቹን የበለጠ ለማስጨፈር የሚደረግ ተንኮል ነው። ማስጠበቁ ከመጠን ሲያልፍ አውራጁ ውዳሴውን ትቶ ወደ ስስታም የሚያስቅ ትችት ይሻገራል። በዚያች ምሽት ልጅ ታላቁን በግጥም ቢነካ አይቀየሙትም። በጣም የሚያስቀው ግን የቤቱ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በገዛ ደጃፉ ሲቆም ነው። ድምፁን ለውጦ ይጨፍራል፤ እናቱም እንግዳ መስሎ እንዲታያት ሆና ትቀበለዋለች። ሙልሙሉ ወደ ከረጢቱ ከገባ በኋላ ልጆቹ ለቤቱ ጤና፣ ልጅና እህል ተመኝተው ረጅም ምርቃት ያወርዳሉ። ምርቃት በአብዛኛው ከታላቅ ወደ ታናሽ በሚወርድበት ኅብረተሰብ ውስጥ ሕፃናት አዋቂዎችን የሚመርቁበት ምሽት መሆኑ የሚያስገርም ነው።

የጅራፍ ዝግጅት ደግሞ የማድ ቤቱ ሳይሆን የመስኩ ሥራ ነው። እረኞች ከዛፍ የተላጠ ልጥ ወይም ቃጫ እየገመዱ፣ ከመያዣው በኩል ወፍራም፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ጅራፍ ያበጃሉ። የቅጥነቱ ጉዳይ ለውበት ተብሎ አይደለም። ክንድ የሰጠው ጉልበት ወደ ቀጭኑ ጫፍ በተሸጋገረ ቁጥር ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ ሲያልፍ አየሩ ይሰነጠቅና ጩኸቱ ይፈጠራል። ድምፁ ጅራፉ ራሱን ወይም መሬቱን በመምታቱ የሚመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ፊዚክሱን ያልተማሩት እረኞች ግን ጫፉ ሲያረጅ ቀጠን ባለ ሌላ ጫፍ መተካት እንዳለበት ጠንቅቀው ያውቃሉ። በአንዳንድ አካባቢዎች ጎረምሶች ጅራፍ ይገራረፋሉ፤ ይህ የአቅምና የትዕግሥት መፈታተኛ ጨዋታ በተለይ በጎንደር አካባቢዎች ይታወቃል።

የተራራውን ስም በያዘችው በደብረ ታቦር ከተማ በዓሉ ከቤትና ከሰፈር አልፎ በአደባባይ ይከበራል። በሌሎች አካባቢዎች አከባበሩ ይለያያል፤ ችቦ በቡሄ ዋዜማ የሚበራባቸው እንዳሉ ሁሉ ለመስቀል ወይም ለአዲስ ዓመት የሚያቆዩትም አሉ። ቡሄ በወንዶች ልጆች ጭፈራ የሚታወቅ ሲሆን፣ የልጃገረዶቹ ተራ ከሦስት ቀናት በኋላ ጾሙ ሲፈታ ይመጣል። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። በከተሞች ሴቶች ልጆች ከወንድሞቻቸው ጋር ሆያ ሆዬ ሲሉ ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከተማ ሲነሳ አንድ በየዓመቱ የሚደመጥ ቅሬታ አለ። ሙልሙሉ በገንዘብ እየተተካ ነው የሚል ነው። ለጨፋሪዎች ሳንቲም መስጠት ረዘም ያለ ዕድሜ ቢኖረውም በአሁኑ ጊዜ በብዙ የከተማ ደጃፎች ብቸኛው ስጦታ ወደ መሆን ተቃርቧል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። የስንዴ ዱቄትና የዘይት ዋጋ ንሯል፤ ባልና ሚስት ከሥራ አምሽተው ይገባሉ፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ጭስ የሚያጨስ ምጣድ መጣድ አይቻልም። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ንፉግ ነው ሊባል አይገባም።

ሆኖም ለውጡ ከስጦታው አልፎ ጨዋታውን ነክቶታል። ሙልሙል ለመጋገር ልጆችን አስቀድሞ መቁጠር ግድ ነው፤ ብር ከኪስ ለማውጣት ግን ደጃፉ ላይ የቆመው ልጅ የማን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። ልጁም በበኩሉ የሚያገኘው ገንዘብ ከሆነ ብዙ ቤት ማዳረስ ያዋጣዋል። ሁለት ስንኝ ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ የባለቤቱን ስም አይጠይቅም፤ ለምርቃቱም ጊዜ አይኖረውም። አዋቂዎች የዛሬ ልጆች ግጥሙን አያውቁትም ሲሉ፣ ልጆች ደግሞ በር የሚከፍትልን የለም ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሚሰማው ሰው በሌለበት አውራጅ አይወጣም።

የመኖሪያ ቤት አሠራርም የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ መጨረሻ ግንባታቸው ከተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ወዲህ በርካታ ቤተሰቦች ከግቢ ወደ ፎቅ ተዛውረዋል። ዱላ የያዙ አሥር ልጆች አራተኛ ፎቅ ወጥተው ኮሪደሩን ሲደበድቡ የታችኛው ነዋሪ ደስ ላይለው ይችላል፤ የጥበቃ ሠራተኛውም ከበር ሊመልሳቸው ይችላል። ነገር ግን መፍትሔ የታጣለት ጉዳይ አይደለም። ለጋራ መገልገያ የተሠሩት ቤቶች ለመጋገሪያ ይሆናሉ። የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ዱቄት አዋጥተው፣ ሊጡን በጋራ አቡክተው ቢጋግሩ ወጪው ይቀላል፤ ልጆቹም ከየፎቁ ወርደው አንድ ላይ ሊጨፍሩ ይችላሉ። በኤሌክትሪክ ምጣድም ሆነ በምድጃ የሚጋገር ሙልሙል ጣዕሙ ከማገዶው እንደሚለይ የሚናገሩ ቢኖሩም፣ ለልጆቹ ከዚህ በፊት ቅሬታ የሆነባቸው አይመስልም።

በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድም ችግሩ ሌላ መልክ ይዞ ይታያል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የማያውቁትን ጎረቤት በር አንኳኩቶ መጨፈር ስለማይቻል በዓሉ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይከበራል። ወላጆች ሙልሙሉን ከየቤታቸው ጋግረው ያመጣሉ፤ ልጆቹም በአንድ ቦታ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው እየዞሩ ይጨፍራሉ። በሩ ባይኖርም መጠበቁና ምርቃቱ አለ።

ለዘንድሮም ሆነ ለሚቀጥሉት ዓመታት ቤተሰቦች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ልጆች መኪና እያስቆሙ በአስፋልት ዳር መጨፈራቸው አደገኛ በመሆኑ ዙረታቸው በሰፈር ውስጥ ቢወሰን፣ ከታናናሾቹም ጋር አንድ ታላቅ ልጅ ቢኖር ይመረጣል። ጅራፍ ገላጣ ቦታ ይፈልጋል፤ ጫፉ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል በሰው መሐል አይጮህም። ችቦም ከቤት ክዳን፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከደረቀ አጥር ርቆ መብራት አለበት። ግጥም የማያውቁ ልጆችን ከበዓሉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ማስጠናት ለአያቶች የሚሰጥ ሥራ ነው፤ እምቢ የሚል አያት አይገኝም።

ዙረቱ ሲያበቃ ቡድኑ አንድ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ከረጢቱ ይራገፋል። ሙልሙሉ በልጆቹ ቁጥር ይከፈላል፤ ያልደረሰው ይሰበርለታል። በመንገድ ላይ ከረጢት ያዡ ቆንጥሮ በልቷል የሚለው ጥርጣሬ አይቀሬ ሲሆን፣ አፉን ከፍቶ እንዲያሳይ የሚጠየቅበት ጊዜም አለ። ተከፋፍሎ የምትተርፈው አንዲት ሙልሙል ለአውራጁ ትሁን ወይስ ሸክሙን ለቻለው ልጅ የሚለው ክርክር ግን በየዓመቱ ሳይቋጭ ይመሻል።